አታጨብጭቡልኝ

ቁጣዬን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ "ለካ ቁጡ ናት" ብላችሁ እንዳትገረሙ። ስሜ መብሩካ ነው። ቡራዩ ዋናው አስፋልት ዳር የፕላስቲክ ዕቃ እሸጣለሁ፤ ባልዲ፣ ሳፋ፣ ጀሪካን፣ የልጆች ፖፖ። ደንበኛ ባልዲዬን አንስቶ በጥፊ እየመታ "አይሰነጠቅም?" ሲለኝ "አንተስ እንዲህ ብትመታ አትሰነጠቅም?" ብዬ የምመልስ ሴት ነኝ። እንዲህ ያለችውን ሴት የልጄ ትምህርት ቤት ሁለት ጊዜ በጭብጨባ ዝም ሊያሰኛት ሞከረ። የማወራችሁ ይህንን ነው።

የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ ማስታወቂያ እንዳይሆንለት። አንዲቷ ልጄ ሉብና እዚያ ስድስተኛ ክፍል ናት። ባለቤቱም ዳይሬክተሩም አንድ ሰው ነው፤ ቲቸር ሕዝቅያስ ይባላል። ከሱፍ የማይወጣ፣ ፈገግታ የማያልቅበት ሰው ነው። በሩ ላይ በትልቁ በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ "ከዚህ በር ወዲያ እንግሊዝኛ ብቻ" ማለት ነው አሉኝ። አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ሲያወራ የተሰማ ልጅ ክፍል ይጠርጋል። ለወላጅም ቢሆን ሕጉ አይላላም። ስብሰባ ሲጠራ ቲቸር ሕዝቅያስ በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ከእያንዳንዱ ወላጅ አጠገብ የገዛ ልጁ ይቆምና ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ ይተረጉምለታል። ወላጅ የሚለው ነገር ካለው ለልጁ በሹክሹክታ ይነግራል፤ ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ በእንግሊዝኛ ለአዳራሹ ያሰማል። "የትምህርት ቤታችን ምስክር የልጆቻችሁ አፍ ነው" ይላል ቲቸር ሕዝቅያስ። እኛም ስልካችንን አውጥተን ልጆቻችንን እንቀርጻለን። ደስ ይላል፤ አልዋሽም፣ ደስ ይላል።

አንድ ጊዜ ኦቦ ኩምሳ የሚባሉ ሽማግሌ፣ የልጅ ልጃቸውን ከላይ ከለኩ ከታ ሰፈር የሚልኩ፣ ተነስተው በኦሮምኛ መናገር ጀመሩ። ቲቸር ሕዝቅያስ እጁን አንስቶ አስቆማቸው። "በልጅ ልጅዎ በኩል" አላቸው፣ ያውም በእንግሊዝኛ። ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው ተቀመጡ። አዳራሹ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ግን ዝምም ብያለሁ።

አሁን ወደ መኪናዋ ልሂድ። ልጆቹን የምታመላልሰው ሰርቪስ አንድ ሚኒባስ ናት፤ ሹፌሯ ሀሰኖ ይባላል። ሀሰኖን ቡራዩ ውስጥ የማይወደው የለም። ሽማግሌ ሲያይ መኪና አቁሞ ሰላም ይላል። ዝናብ የጣለ ቀን ትንንሾቹን በክንዱ ታቅፎ ጭቃውን ያሻግራል። ከኪሱ ቆሎ አይጠፋም። ግን መሪ ሲይዝ ሌላ ሰው ነው። አንድ ጠዋት ሱቄ ደጃፍ ቆሜ ሳፋ ስደረድር ያቺ ሚኒባስ መጣች። ኩርባው ላይ አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ቀደመች፤ ከወዲያ ሌላ ሲኖትራክ እየመጣ ነበር። እንዴት በመሃል እንዳለፈች አላውቅም። ልጄ ውስጧ ነበረች። የያዝኩት ሳፋ ሁሉ አስፋልት ላይ ተበተነ፤ እኔም መንገድ መሃል ቆሜ "ሉብና!" ብዬ ጮህኩ።

ማታ ሉብና ግንባሯ አብጦ መጣች። "ወድቄ ነው ኡሚ" አለችኝ። የጎረቤቴ የማርያማዊት ልጅ ግን ትንሽ ናት፣ መዋሸት ገና አልለመደችም። "ሀሰኖ ፍሬን ሲይዝ ወንበሩ መታት" አለችኝ።

በሚቀጥለው ስብሰባ እጄን አወጣሁ። ሉብና አጠገቤ ቆማለች። በጆሮዋ እንዲህ አልኳት፦ "ሹፌሩ አነዳዱ ያስፈራል በዪ። ኩርባ ላይ ይቀድማል በዪ። ልጆቻችንን ሊጨርስብን ነው በዪ።" ሉብና አንዴ እኔን አንዴ ቲቸር ሕዝቅያስን አየች። ከዚያ ቀጥ ብላ በእንግሊዝኛ ተናገረች። ቲቸር ሕዝቅያስ ፈገግ አለ፣ አጨበጨበ። ሌላውም ተከትሎ አጨበጨበ። እኔ ሞኟ "አቤት፣ ቅሬታ እንዲህ የሚወደድበት አገር!" ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

አጠገቤ የነበረችው ሴት በስልኬ ቀርጻልኝ ነበር። ቪዲዮውን ለጋሽ የሺጥላ አሳየኋቸው። ጋሽ የሺጥላ ጓሮዬ ያለችውን ክፍል የተከራዩ ጡረተኛ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን አዲስ አበባ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ የኖሩ። ከሰዓት በኋላ ሱቄ መጥተው የተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ ይላሉ። ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ ካዩት በኋላ መነጽራቸውን አወለቁ።

"መብሩካ፣ አንቺ ምን ብለሽ ነበር?"

ነገርኳቸው።

"ልጅቷ ያለችው ሌላ ነው። 'እናቴ ሀሰኖ ጥሩ ሹፌር ነው ትላለች፣ በጣም ደስተኛ ናት' ነው ያለችው።"

ደሜ ፈላ። ሱቁን እንኳ ሳልዘጋ ጓሮ ገብቼ ሉብናን ያዝኳት። ልመታት እጄን አንስቼ ነበር፤ እሷ ግን አልሸሸችም፤ ማልቀስ ብቻ ጀመረች።

"ያባርሩታል ኡሚ! አምና አንድ ወላጅ ስለተናገረ የድሮውን ሹፌር አባረሩት። ከሱ በፊት የነበረውማ ይሰድበን ነበር። ሀሰኖ ጥሩ ሰው ነው። አንቺም ታውቂዋለሽ።"

እጄ አየር ላይ ቀረ። ሀሰኖ ጥሩ ሰው ነው። ልጄ በእሱ መኪና ልትሞትብኝም ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፣ ሁለቱም ጉሮሮዬ ላይ ቆሙ።

ባሌ ሸምሰዲን ከተጂ ገበያ ሲመለስ ነገርኩት። "ተይው" አለኝ። "ከትምህርት ቤት ጋር አትጣዪ፤ ቂሙ ልጅሽ ላይ ነው የሚወጣው። ዝም አይነቅዝም።" ዝም እንደማይነቅዝ እኔም አውቃለሁ። ዝም ግን ልጅ ያስጨርሳል። ያን ሌሊት ፍርሃቴን ሁሉ ቆጥሬ ሳበቃ የቀረኝ ቁጣ ነበር፤ ቁጣዬን ደግሞ ከማንም በላይ አምነዋለሁ።

በነጋታው ጋሽ የሺጥላ ባልዲያቸው ላይ ገና ሳይደላደሉ "እንግሊዝኛ ያስተምሩኝ" አልኳቸው።

"ምን ልትሆኚ?"

"አስተርጓሚ አልፈልግም። ራሴ ልናገር ነው።"

"በአማርኛ ብትናገሪስ?"

"ኦቦ ኩምሳን ምን እንዳደረጓቸው አላዩማ። በአማርኛ ከተናገርኩ ሕግ አፈረሰች ብሎ ያስቀምጠኛል። በራሱ ቋንቋ ነው በሩን የምዘጋበት።"

ሳቁ። ቀጥለው ግን አስተማሪ ሆኑ፤ ፊታቸው ተለወጠ። መጀመሪያ ያስተማሩኝ ሰላምታ አልነበረም። "ያንቺ ጉዳይ ያለው መንታ ቃላት ላይ ነው" አሉ። "ቅጽልና ተውሳከ ግስ ይባላሉ፤ ስማቸው አያስፈራሽ። አንዱ መንታ ሰውየውን ያሳያል፤ ሌላው መንታ ሰውየው የሚሠራውን። ለሰው ጭራ የሌለው፣ ለሥራ ጭራ ያለው ነው። ጭራዋ 'ሊ' ትባላለች። ጠንቃቃ ሰው፣ ኬርፉል። በጥንቃቄ ይራመዳል ስትዪ ኬርፉሊ።"

እንዲህ ብለን ጀመርን። ስሎው፣ ስሎውሊ። ኩዊክ፣ ኩዊክሊ። ሴፍ፣ ሴፍሊ። ባድ፣ ባድሊ። ጀሪካን ሳወርድ፣ ሳፋ ስጠርግ፣ በአፌ እላቸዋለሁ። ባልዲ ለገዛች ሴት "ዋሽ ኬርፉሊ" ብዬ ሸኘኋት፤ ሴትየዋ ሳይመረቅላት የተመረቀላት መስሏት ባልዲው ውስጥ አየች።

ግን እንግሊዝኛ ሐቀኛ ቋንቋ አይደለም። ሕግ ይሰጥሽና ጀርባሽን ስታዞሪ ያፈርሰዋል። ጉድ፣ ማለትም ጥሩ፣ ብዬ ጉድሊ ስል "የለም፣ የጉድ መንታ ዌል ነው" አሉኝ። "መንታ ናቸው እያሉ ምኑም አይመሳሰልም!" ብዬ ጮህኩ። "መንታ ሁሉ ይመሳሰላል እንዴ?" አሉ። ፋስት ደግሞ ጭራ አያበቅልም፤ ለሰውየውም ለሩጫውም ያው ፋስት ነው። ፍሬንድሊ ጭራ አላት፣ ግን የሰው ናት። ከሁሉ የከፋችው ሃርድሊ ናት። "እሷን ዳይሬክተሩ ፊት እንዳትነኪያት" ብለው አስጠነቀቁኝ። "በርትቼ እሠራለሁ ልትዪ ስትዪ፣ እምብዛም አልሠራም ታሰኝሻለች።" እንዲህ ያለችውን ከሃዲ ከአፌ አላስገባም ብዬ ተውኳት።

አንድ ቀን አንድ ነገር ገረመኝ። በእኛ ቋንቋ ሥራውን የሚያሳየው ቃል ራሱ ሠሪውን ይመስላል። ፈጥኖ፣ ፈጥና፣ ፈጥነው እንላለን፤ ለትልቅ ሰው ደግሞ እናከብራለን። የእነሱ ኩዊክሊ ግን ወንድ ሴት አያውቅ፣ ልጅ ሽማግሌ አያውቅ።

"ባለጌ ቃል ነው" አልኳቸው።

"እኩልነት በይው እንጂ" አሉኝ።

"አንቱስ የላቸውም?"

"የላቸውም። ለዳይሬክተርም፣ ለዘበኛም፣ ለውሻም ዩ ነው።"

ይህንን ሳልወደው አልቀረሁም። ቲቸር ሕዝቅያስን አንቱ ልበለው አንተ እያልኩ ከምጨነቅ ተገላገልኩ።

መንታዎቹን ስፈጭ ሰንብቼ አንድ ከሰዓት፣ ጀሪካን እየቆለልኩ፣ ጉሮሮዬ ላይ የቆመው ነገር በድንገት ወረደ። "ጋሽ የሺጥላ፣ አንድ ሰው ለራሱ ጭራ የሌለውን፣ ለሥራው ጭራ ያለውን መያዝ ይችላል? ሰውየው ጉድ፣ ሥራው ባድሊ?"

"ለምን አይችልም?"

"እንግዲያው ሀሰኖ ኢዝ ኤ ጉድ ማን። ሂ ድራይቭስ ባድሊ።"

ሰውየው ጥሩ፣ አነዳዱ መጥፎ ማለቴ ነበር። ጋሽ የሺጥላ ቃላቱን በጣታቸው ቆጠሩ። "አንድም ስህተት የለበትም" አሉ። እኔ ግን የስህተቱ ነገር አልነበረም ያስደሰተኝ። እኛ ሰውን አንዴ ስም እንለጥፍበታለን፤ ክፉ፣ ሌባ፣ ቀላል፣ አለቀለት። ወይ ደግሞ ጥሩ ሰው ካልነው የሚሠራውን ሁሉ እንምርለታለን። ሉብናም ያደረገችው ይህንን ነበር። ሰውየውን ለማዳን ብላ አነዳዱን አብራ አዳነችው። ከአሁን ወዲያ ግን ሀሰኖን ለብቻው፣ አነዳዱን ለብቻው መያዝ እችላለሁ። አንዱን አቅፌ ሌላውን መምታት እችላለሁ።

ለማንኛውም፣ እሱ በሌለበት አላማሁትም። ሀሰኖ ጀሪካን ሊገዛ ሲመጣ በር ላይ ያዝኩት።

"ሀሰኖ፣ ለምንድነው እንደዚያ የምትነዳው? ልጆቻችንን ልትጨርስብን ነው?"

ፊቱ ወደቀ። "መች ወድጄ እህቴ። አምና ሁለት መኪና ነበርን። ቲቸር ሱሉልታ አዲስ ቅርንጫፍ ሲከፍት አንዷን ወደዚያ ወሰዳት። አሁን መጀመሪያ የቡራዩን ልጆች አደርሳለሁ፣ ተመልሼ የለኩ ከታን አመጣለሁ። በሩ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል። አንድ ልጅ ውጭ ከቀረ የምባረረው እኔ ነኝ። ቁልቁለቱን ዱዓ እያደረግኩ ነው የምወርደው።"

"ዱዓውንም አድርግ፣ ፍሬኑንም ያዝ!"

"ሰዓቱ አይሰጠኝም።"

አፈርኩ፤ ተናደድኩም፤ ግን ቁጣዬ አቅጣጫ ለወጠ። አነዳዱ መጥፎ ነው፤ መጥፎ ያደረገው ግን መሪው ላይ የተቀመጠው ብቻ አይደለም። "በስብሰባው ላይ ልናገር ነው" አልኩት። "ስምህ ይነሳል። አነዳድህንም አልምርልህም።"

ጀሪካኑን በእጁ እያገላበጠ ቆየ። "ጥሩ ሰው ነው ብለሽ ጀምሪልኝ እንጂ" አለ፣ "የቀረውን እንደወደድሽ።"

የስብሰባው ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሉብና መጥታ አጠገቤ ቆመች፤ እጇ በርዶ ነበር። ምን ልል እንደሆነ ታውቃለች፤ ማታ ነግሬያታለሁ። "ኡሚ፣ እኔ ልበልልሽ፣ በትክክል እለዋለሁ" ብላኝ ነበር። "የለም፣ አንቺ በእኔና በእሱ መሃል አትቆሚም" አልኳት። እጄን አወጣሁ። ቲቸር ሕዝቅያስ በፈገግታው ወደ ሉብና ጠቆመ።

"ኖ" አልኩ። "ማይሰልፍ።" ራሴ ማለቴ ነው።

አዳራሹ ዞረ። ከወንበሬ ተነሳሁ።

"ሀሰኖ ኢዝ ኤ ጉድ ማን" አልኩ። "ሂ ድራይቭስ ባድሊ።"

ቲቸር ሕዝቅያስ አንዴ ዓይኑ ጠበበ። ወዲያው ደግሞ ፈገግታው መጣ፣ እንዲያውም ከወትሮው ሰፋ። "ኤክሰለንት!" አለ። እናቶች እንኳ በትምህርት ቤታችን መንፈስ እንግሊዝኛ እየተማሩ ነው፣ አጨብጭቡላት፣ አለ። አዳራሹም አጨበጨበ። እልል ያለችም ነበረች። ምን እንዳልኩ የሰማ የለም፤ በምን ቋንቋ እንዳልኩት ብቻ ነው የሰሙት። ስለ ልጆቻችን ሕይወት እያወራሁ ሕዝቡ ለሰርከስ የሚያጨበጭብ ይመስል ነበር። ባለፈው በልጄ አፍ ዘጉኝ፤ አሁን ደግሞ በገዛ አፌ ሊዘጉኝ ነው። እንዲህ ተናድጄ አላውቅም።

"ዶንት ክላፕ!" ብዬ ጮህኩ። "ሊሰን ኬርፉሊ!"

ጭብጨባው ተቆረጠ። አታጨብጭቡልኝ፣ በጥሞና ስሙኝ ማለቴ ነበር፤ እንግሊዝኛ የማያውቀውም ከድምፄ ተረዳው።

"ዋን ካር። ቱ ራውንድ። ዩ ሴንድ ሂም ኩዊክሊ። ሂ ድራይቭስ ባድሊ። ዩ!" አልኩና ጣቴን ወደ ቲቸር ሕዝቅያስ ቀሰርኩ።

እሱም በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አለ፤ ቢሮ መጥተሽ ታነጋግሪኛለሽ ዓይነት ነገር። እኔ ግን ከእሱ ጋር ጨርሻለሁ፤ የቀረኝ ሕዝቡ ነው። ወደ ሉብና ዞሬ፣ በአማርኛ፣ ከዚያ በር ወዲያ፣ ድምፄን ሳልቀንስ "አሁን ተርጉሚ" አልኳት። "ለእሱ አይደለም፤ ለወላጆች። በአማርኛም በኦሮምኛም።"

"ሉብና" አለ ቲቸር ሕዝቅያስ በቀስታ። "ኢንግሊሽ ኦንሊ።"

ልጄ መሃላችን ቆመች። አላስገድዳትም፤ የማስገድድበት ነገርም አልነበረኝም። ነገ ክፍል የምትገባው እሷ ናት፣ የምትጠርገው እሷ ናት። ሸምሰዲን ያለው ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። አንገቷን ደፍታ ቆየች። ከዚያ ቀና አለች፤ ወደ ዳይሬክተሩ ሳይሆን ወደ ኋላ ወንበሮች፣ ኦቦ ኩምሳ ወደተቀመጡበት።

"ሀሰኖን ነመ ጋሪዳ" አለች። "ገሩ አከ ጋሪት ህንኦፉ።" ቀጥላ በአማርኛ፦ "ሀሰኖ ጥሩ ሰው ነው። ግን ጥሩ አድርጎ አይነዳም። አንድ መኪና ሁለት ዙር ስለሚላክ ነው የሚሮጠው። እንዲህ ያደረገው ትምህርት ቤቱ ነው፣ አለች እናቴ።" ትንሽ ቆመች። "ይቺ ደግሞ የእኔ ናት። ግንባሬ ያበጠው ወድቄ አይደለም። ወንበር መትቶኝ ነው። እኔ ባለፈው ዋሽቻለሁ። ሁላችንም ኩርባው ላይ ዓይናችንን እንጨፍናለን።"

አልቅሻለሁ፣ ምን ይደበቃል። ከኩራት ይሁን ከንዴት አልለየሁትም።

ኦቦ ኩምሳ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሱ። ማንም በልጅ ልጅዎ በኩል አላላቸውም። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላል አማራው" አሉ። "ልጅ ግን ከፈሰሰ አይለቀምም።" ወደ እኔ አይተው "ገለቶሚ ኢንተሎ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ሆይ፣ አመሰግናለሁ ማለታቸው ነው። ከዚያ ወላጁ ሁሉ በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በስልጥኛ፣ ማን ይሰማ። ሌላዋ መኪና ከሱሉልታ ትመለስ ያለ አለ። እስክትመለስ ሀሰኖ ቀስ ብሎ ይንዳ፣ የዘገየ ይዘግይ ያለም አለ።

"በሩ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል!" ብሎ ጮኸ ቲቸር ሕዝቅያስ። "ሕግ ሕግ ነው!"

በአማርኛ ነበር የጮኸው። ከፊት የተቀመጠ አንድ ተማሪ "ክፍል ይጥረግ!" አለና አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ሰኞ ጠዋት ሸምሰዲን አንድም ቃል ሳይናገር የሱቁን ቁልፍ ከእጄ ወሰደ። "ሂጂ፣ እኔ እሸጣለሁ" አለ። ባሌ ይቅርታ የሚጠይቀው እንዲህ ነው። እኔ ሀሰኖ አጠገብ ጋቢና ተቀመጥኩ። የቡራዩን ልጆች አደረስን፤ ሉብናን ውረጂ ብላትም አልወርድም ብላ ከኋላ ተቀመጠች። ተመልሰን ለኩ ከታ ደረስን፤ ኦቦ ኩምሳ ከልጅ ልጃቸው ጋር እየጠበቁ ነበር፤ እሳቸውም ገቡ። ቁልቁለቱ ላይ ሀሰኖ በልማዱ ነዳጁን ሊረግጥ ሲል አየሁት።

"ስሎውሊ" አልኩት።

"ምን ማለት ነው?"

"ቀስ ብለህ ሀሰኖ። ቀስ በል።"

ቀስ አለ። ኩርባው ላይ ሲኖትራኩን ከኋላ ተከተልነው፤ አቧራውን ዋጥን፣ ማንም አልቀደመም። ልጆቹ መጀመሪያ ዝም ብለው ነበር፤ ቁልቁለቱን ጨርሰን ማንም ዓይኑን እንዳልጨፈነ ሲያውቁ መዝፈን ጀመሩ።

በሩ ጋ ስንደርስ ተዘግቷል። ሀሰኖ መኪናዋን አፍንጫዋን በሩ ላይ አስጠግቶ አቆመ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ወርጄ ብረቱን በመዳፌ መታሁት። ዘበኛው በትንሿ መስኮት አየንና ጠፋ። ጥቂት ቆይቶ የቲቸር ሕዝቅያስ ፊት መጣ። ከጀርባው የራሱ መኪና ሞተሯ ተነስቶ ቆማለች፤ ጠዋት ጠዋት ሱሉልታ አዲሱን ቅርንጫፍ ሊጎበኝ ይሄዳል።

"ዩ አር ሌት" አለኝ፤ ዘግይታችኋል።

"የስ። ሌት።"

"ይህቺን መኪና ከበሩ አንሱ" አለ፤ አሁንም አማርኛው አመለጠው። "መውጣት አለብኝ።"

ከኋላዬ ልጆቹ ወርደው ተሰልፈዋል። ኦቦ ኩምሳ በምርኩዛቸው መሬቱን ይመታሉ። ሉብና መጥታ እጄን ያዘች፤ እጇ ዛሬ አልበረደም። ግንባሯን አየሁት፤ እብጠቱ ጠፍቷል፣ በቦታው ትንሽ ጠባሳ ቀርታለች። የምናገረውን ማንም እንዲተረጉምልኝ አልፈለግኩም።

"ዊ ኬም ስሎውሊ" አልኩት። "ዊ ኬም ሴፍሊ። ናው፣ ኦፕን ኩዊክሊ!"

ቀስ ብለን መጣን፣ በደህና መጣን፣ አሁን ቶሎ ክፈት። ልጆቹም ከኋላዬ "ኦፕን! ኦፕን!" ብለው ተቀበሉኝ፤ ሕጉ እንግሊዝኛ ብቻ አይደል፣ ማን ይከለክላቸዋል። ቲቸር ሕዝቅያስ አንዴ እኛን፣ አንዴ ሰዓቱን፣ አንዴ የተነሳችውን መኪናውን አየ። ፊቱ ላይ ፈገግታ አልነበረም። ከዚያ መቀርቀሪያው ተንቋቋ።

በሩ ተከፈተ። ልጆቹ ተንጋግተው ሊገቡ ሲሉ ሉብና ፊታቸው ቆማ አንድ በአንድ አስገባቻቸው። ሀሰኖም ቁልፉን ከኪሱ አወጣና መኪናዋን አስነሳ። ዳይሬክተሩ ክላክስ ነፋበት፤ ሀሰኖ ግን አልቸኮለም።